ቤቱን ለቆ የወጣውን ማን ተቀበለው? የሎስ አንጀለስ ሰደድ እሳት፣ ጎረቤቶቹና ቤተ እምነቶቹ

ጃንዋሪ 7 ቀን 2025 ማክሰኞ ነበር። በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 29 ቀን 2017፣ የገና ዕለት። ሎስ አንጀለስ ያለው ኦርቶዶክሳዊ ሐበሻ ሲያስቀድስ አድሮ፣ ጾሙን ፈትቶ፣ እንኳን አደረሳችሁ በሚባባልበት ቀን ረፋዱ ላይ ከፓሲፊክ ፓሊሴድስ ተራሮች ጭስ ተነሣ። ፓሊሴድስ ከከተማዋ ምዕራብ፣ ባሕሩ ዳር ነው። የዚያኑ ዕለት ማታ ደግሞ በሌላኛው ጫፍ፣ ከፓሳዴና በላይ ባለው የኢተን ሸለቆ ሁለተኛ እሳት ተቀጣጠለ። ሳንታ አና የሚባለው ደረቅ ነፋስ በሰዓት ከ130 ኪሎ ሜትር በላይ ይጋልብ ነበር። ዝናብ ከጠፋ ወራት አልፈዋል። መሃል ከተማው ካለፈው ግንቦት ወዲህ ያገኘው ዝናብ 4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ብቻ ነበር።

በሁለቱ እሳቶች 31 ሰው ሞተ። ከ16 ሺህ በላይ ቤትና ሌላ ሕንፃ ወደመ። ከ180 ሺህ በላይ ሰው ቤቱን ለቆ እንዲወጣ ታዘዘ። ሁለቱም ሙሉ በሙሉ በቁጥጥር ሥር የዋሉት ጃንዋሪ 31 ነው።

ስለ እሳቱ ብዙ ተጽፏል። እዚህ የምናየው ያን ሁሉ ሰው ማን እንደተቀበለው ነው።

ትእዛዙ እንዴት ይመጣል?

ካሊፎርኒያ ውስጥ ሰፈሮች በቁጥር በተለዩ ቀጠናዎች ተከፍለዋል። እሳት ሲጠጋ ለቀጠናው በስልክ መልእክት ይላካል። መልእክቱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ማስጠንቀቂያ ነው፤ ተዘጋጁ ማለት ነው። አረጋዊ፣ ሕመምተኛ ወይም ከብት ያለው ሰው ግን ያኔውኑ ቢወጣ ይመከራል። ሁለተኛው ትእዛዝ ነው፤ አሁኑኑ ውጡ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ቀይ መስቀልና የአካባቢው አስተዳደር መጠለያ ይከፍታሉ። አልጋ፣ ምግብ፣ መድኃኒት፣ ስልክ ቻርጅ ማድረጊያ እዚያ ይገኛል። በዚያ ሌሊት ትልቁ መጠለያ የፓሳዴና የስብሰባ ማዕከል ነበር። ሆኖም በእንዲህ ያለ አደጋ ከሚሸሸው ሰው አብዛኛው መጠለያ አይገባም። ወደ ዘመድ፣ ወደ ጓደኛ፣ ገንዘብ ያለው ወደ ሆቴል ይሄዳል። መጠለያ የሚያድረው ባመዛኙ ሌላ መሄጃ የሌለው ነው። ስለዚህ የእርዳታው ትልቁ ክፍል በማንም መዝገብ ላይ የለም። ሶፋውን የለቀቀ ሰው፣ ፍራሽ መሬት ላይ ያነጠፈ ቤተሰብ፣ «ኑ፣ ቦታ አለን» ያለ ስልክ ነው።

ሁለት ቀን ቆይቶ፣ ጃንዋሪ 9፣ የመልቀቂያ ማስጠንቀቂያ በስሕተት ለ10 ሚሊዮን ያህል የካውንቲው (ከተማዋንና ዙሪያዋን የሚያጠቃልለው የአስተዳደር ክልል) ነዋሪ ተላከ። ምንም ያልቀረበው ሰፈር ሁሉ ስልኩ ጮኸ። ሰው ደነገጠ፤ ከዚያም ለመንግሥት መልእክት ያለው እምነት ላላ። በዚያ ሳምንት ብዙ ሰው ዐይኑን የጣለው ዎች ዱቲ በሚባል መተግበሪያ ላይ ነበር። በ2021 በሰሜን ካሊፎርኒያ የተጀመረ፣ ለትርፍ የማይሠራ ነው። ከጀርባው የእሳት አደጋ ሠራተኞችን ሬዲዮ ሌትና ቀን እያዳመጡ ካርታ ላይ የሚያሰፍሩ ሰዎች አሉ። ብዙዎቹ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ጡረታ የወጡ የእሳት አደጋ ሠራተኞችም አሉባቸው። ይሄ ራሱ የጎረቤት ሥራ ነው። ለማያውቁት ሰው ሌሊቱን የነቁ ሰዎች ናቸው።

የአልታዴና ሌሊት

አልታዴና ከፓሳዴና በስተሰሜን፣ ከተራራው ሥር የተቀመጠች 42 ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት ሰፈር ናት። በሕግ ከተማ አይደለችም። ከንቲባ የላትም፤ በቀጥታ በካውንቲው ሥር ናት። ይህን የምናነሣው ምክንያት አለን። በችግር ጊዜ «ከንቲባችን የት አለ?» ተብሎ የሚጠየቅ ሰው አልነበረም።

ጥቁር አሜሪካውያን በሌሎች ሰፈሮች ቤት እንዳይገዙ በሚከለከሉበት ዘመን አልታዴና ምዕራቡ ክፍሏን ከፍታላቸው ነበር። አባት የገዛውን ቤት ልጅ ወርሶ፣ የልጅ ልጅ ያደገበት ብዙ ነው። ከእሳቱ በፊት እዚያ ከሚኖሩ ጥቁር ቤተሰቦች ከአራት ሦስቱ ያህል የቤታቸው ባለቤቶች ነበሩ። ለአሜሪካ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ቤተ ክርስቲያኖቹም እንደዚያው የቆዩ ናቸው። ሰው ከሰው የሚተዋወቅበት ሰፈር ነበር።

ያን ሌሊት የመልቀቂያው ትእዛዝ ለምሥራቁ ክፍል በምሽት ደረሰ። ለምዕራቡ ግን የመጀመሪያው ትእዛዝ የወጣው በእኛ ሰዓት አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ነው። እሳቱ ከተነሣ 9 ሰዓት አልፎታል። በኢተን እሳት ከሞቱት 19 ሰዎች ሁሉም ማለት ይቻላል በዚህ በምዕራቡ ክፍል የነበሩ ናቸው። ብዙዎቹ አረጋውያን ነበሩ፤ መራመድ የሚቸግራቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ነበሩባቸው። ይህን በልስላሴ ማለፍ አይቻልም። መልእክቱ ዘግይቷል።

ባልደረሰው መልእክት ፋንታ የደረሰው የጎረቤት እጅ ነው። በር እያንኳኩ፣ ስም እየጠሩ፣ «ተነሡ፣ እሳት መጥቷል» ያሉ ሰዎች ናቸው ብዙ ነፍስ ያወጡት። ስልክ የሌላት አሮጊት የት ቤት እንዳለች የሚያውቀው የጎረቤቷ ልጅ ነው። ወይም እሑድ እሑድ በመኪና ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚያደርሳት ሰው ነው። በአንድ የአረጋውያን መንከባከቢያ ሠራተኞቹ ሽማግሌዎቹን በዊልቸርና በአልጋ እየገፉ አውጥተው በአቅራቢያው ባለ ሱቅ ፓርኪንግ ላይ ሰብስበዋቸው ነበር። የሌሊት ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ ፍም እንደ ዝናብ እየወረደ፣ መኪና ጠበቁ። ምስሉን ያየ ሰው አይረሳውም።

ራሳቸው የተቃጠሉ ቤተ እምነቶች

የሎስ አንጀለስን ታሪክ ከሌላው የሚለየው ይሄ ይመስለኛል። አጽናኝ የሚባሉት ራሳቸው ተቃጥለዋል።

የፓሳዴና የአይሁድ ምኩራብ በዚያው ማክሰኞ ሌሊት ወደመ። ከመቃጠሉ በፊት ግን የጸሎት መሪዋና ጥቂት ሰዎች ገብተው 13ቱን የኦሪት ጥቅልሎች በመኪና ጭነው አወጡ። አንድ የኦሪት ጥቅልል በብራና ላይ በእጅ የተጻፈ ነው። ከባድ ነው። እንደ ሕፃን ታቅፈው ነው የሚሸከሙት። ታቦት ከእሳት ሲወጣ በዐይነ ልቦናው ማየት ለሚችል የኢትዮጵያ አንባቢ ነገሩ ሩቅ አይደለም።

አልታዴና ውስጥ አል-ተቅዋ መስጊድም ተቃጠለ። የቅዱስ ማርቆስ ኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን፣ የአልታዴና ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን፣ ሌሎችም ተቃጠሉ። በፓሊሴድስ በኩል ኮርፐስ ክሪስቲ የሚባለው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ወደመ። እዚያ ፍርስራሹ ውስጥ ቅዱስ ቁርባኑ የሚቀመጥበት ሳጥን ሳይጎዳ ተገኘ። አንድ የእሳት አደጋ መኮንን አውጥቶ አስረከበው።

እሳቱ ማክሰኞ ተነሣ። ዓርብ የጁምዓ ሶላት ነው። ዓርብ ማታ ሰንበት ይገባል። እሑድ ቅዳሴ አለ። ብዙዎቹ «በዚህ ሳምንት ይቅር» አላሉም። ጎረቤት ደብሮችና ጉባኤዎች በራቸውን ከፈቱ። የኮርፐስ ክሪስቲ ምእመናን ሳንታ ሞኒካ ባለ ቤተ ክርስቲያን ተሰብስበው ከገዛ ካህናቸው ጋር አስቀደሱ። ሙስሊሞቹ የረመዳንን ጾም የተቀበሉት ከመስጊዳቸው ውጭ ነው፤ ወሩ የገባው እሳቱ ከተነሣ ሁለት ወር ሳይሞላው ነበር።

በእነዚህ መሰባሰቢያዎች ጸሎቱና ሥራው አልተነጣጠሉም። ከጸሎቱ በኋላ ዝርዝር ይወጣል። ማን የት አረፈ? ማን አልተገኘም? የማን መድኃኒት አልቋል? የኢንሹራንስ ፎርም መሙላት የሚያውቅ አለ? ዕድር ለሚያውቅ ሰው ይሄ አዲስ አይደለም። ድንኳኑን ከመትከሉ በፊት ስም የሚቆጥረው ዕድር ነው።

ፓርኪንጉ

በአርኬዲያ ከተማ ሳንታ አኒታ የሚባል የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ አለ። ፓርኪንጉ ሰፊ ነው። በጎ ፈቃደኞች እዚያ እርዳታ መሰብሰብ ጀመሩ፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ቦታው ገበያ መሰለ። ውኃ በካርቶን፣ ዳይፐር፣ ጫማ፣ የውሻ ምግብ። መኪና ይገባል፣ ሰው ሮጦ ያወርዳል፣ ሌላ መኪና ይገባል።

ችግሩም እዚያው ታየ። ልብስ ከሚፈለገው በላይ ተቆለለ። ብዙ ማዕከሎች «እባካችሁ ልብስ አታምጡ» እስከማለት ደረሱ። የሚለይ ሰው፣ የሚያስቀምጥ ቦታ የለም። በእንዲህ ያለ ጊዜ ገንዘብ ይሻላል፤ ተጎጂው የሚያስፈልገውን ራሱ ያውቃል። ሳን ዲማስ ከተማ ዋና መሥሪያ ቤት ያለው ቱዙ ቺ የሚባለው የቡድሂስቶች በጎ አድራጎት ድርጅት ይህን ቀድሞ የገባው ይመስለኛል። ለተጎጂዎች የሰጠው ገንዘብ ነው፣ በእጃቸው።

ከሁሉ የገረመኝ አንዲት የ14 ዓመት ልጅ የጀመረችው ነው። አልታዴና ገርልስ ይባላል። ቤታቸው የተቃጠለባቸውን እኩዮቿን አሰበች። ለሕፃን ዳይፐር ይመጣል፣ ለትልቅ ሰው ብርድ ልብስ ይመጣል። ለ14 ዓመት ልጅስ? የፀጉር ማበጠሪያ፣ የውስጥ ልብስ፣ የንጽሕና መጠበቂያ፣ ኩልና ሊፕስቲክ ጠየቀች፤ ጎረፈላት። ነገ ትምህርት ቤት ስትሄድ «ልብሷ የተቃጠለባት ልጅ» እንዳትባል ማለት ነው። ይህን ትልቅ ሰው አላሰበውም።

የቀን ሠራተኞቹም መረሳት የለባቸውም። ፓሳዴና ውስጥ የቀን ሥራ ፈላጊዎች የሚሰባሰቡበት ማዕከል አለ። አብዛኞቹ ከላቲን አሜሪካ የመጡ ናቸው። የሚያጸዱት ቤት፣ የሚከረክሙት አትክልት ተቃጥሏል፤ ሥራቸውም አብሮ ሄዷል። እነሱ ግን መጥረጊያና መጋዝ ይዘው ነፋሱ የጣለውን ዛፍ ከየመንገዱ አነሡ። ማዕከሉ የምግብ ማደያም ሆነ።

ሌላ ቦታም እንዲህ ነው

በ2016 የካናዳዋ ፎርት ማክመሪ ከ80 ሺህ በላይ ሕዝቧ በአንድ መንገድ ሲወጣ፣ ነዳጅ አልቆባቸው ለቆሙት ጀሪካን ይዘው የመጡ ሰዎች ነበሩ። በ2018 የካሊፎርኒያዋ ፓራዳይዝ 85 ሰው ሲሞትባት፣ ቺኮ ከተማ ያሉ ቤተ ክርስቲያኖች አዳራሻቸውን መኝታ አደረጉ። በ2023 የሃዋይዋ ላሃይና ስትቃጠል ነዋሪው በግል ጀልባ ውኃና ምግብ ወደ ባሕሩ ዳር አመላለሰ። ኪንግስ ካቴድራል የሚባለው ቤተ ክርስቲያንም መጠለያ ሆነ።

ስለ ጸሎቱ

ለአደጋ ጊዜ የሠለጠኑ ካህናትና ፓስተሮች አሉ። ቀይ መስቀልም ይህን የሚሠራ ቡድን አለው። ትምህርታቸው ቀላል ነው፤ ለማድረግ ግን ከባድ ነው። ሳትጠየቅ አትስበክ። ከመጸለይህ በፊት «ልጸልይልዎት?» ብለህ ፈቃድ ጠይቅ። ምክንያት አታብራራ። «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ማለት ለሚናገረው ቀላል ነው፤ አመዱ ላይ ለቆመው ግን ይከብዳል። «እንኳን ነፍስ ተረፈ» የምንለው እኛም በመጀመሪያው ሰዓት ብንቆጥበው ሳይሻል አይቀርም። እውነት ነው፤ ሰውየው ግን ራሱ ሊለው ይገባል።

ውኃ ስጥ፣ አብረህ ተቀመጥ፣ ስማ። ጸሎቱ አጭር ይሁን። ስማቸውን አንሣ፤ የውሻውም ስም ቢሆን።

ወንፊቱ

ወደ ሰፈሩ መመለስ ሲፈቀድ የቀረው ጭስ ማውጫው ብቻ የሆነበት ቤት ብዙ ነበር። ያኔ ሌላ ዓይነት እርዳታ መጣ። ሳማሪታንስ ፐርስን የመሳሰሉ ክርስቲያናዊ ድርጅቶች በጎ ፈቃደኞች ላኩ። ነጭ ቱታ፣ የአፍንጫ መሸፈኛ፣ ጓንት ለብሰው ይመጣሉ። አመዱ መርዛማ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን እመቤት ይጠይቃሉ። መኝታ ቤቱ የት ነበር? አልጋው በየትኛው ግድግዳ በኩል? ቀለበቱን የምታስቀምጪው ኮመዲኖ ላይ ነው ወይስ መሳቢያ ውስጥ? እሷ በጣቷ ታሳያለች። ግድግዳ የለም፣ እሷ ግን ታውቀዋለች። ከዚያ በአካፋ ዛቅ አድርገው ወንፊት ላይ ያደርጉታል። ሁለት ሰው ይዞ ይነፋል። አመዱ ይወርዳል፤ ምስማር፣ የሸክላ ስባሪ፣ የቀለጠ ብርጭቆ ይቀራል። እሱን በእጅ ይለያሉ። አንዳንዴ ቀለበት ይገኛል። አንዳንዴ የእናቷ ሲኒ አንዱ ጎኑ ጠቁሮ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ ምንም አይገኝም፤ እነሱም ሌላ አካፋ ያነሣሉ።