የአውስትራሊያ የገጠር ከተማ የቦውልስ ክበብ

የአውስትራሊያን የገጠር ከተማ በመኪና የሚያቋርጥ ሰው ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ አራት ማዕዘን ሆኖ የተደለደለ መስክ ያያል። ዙሪያውን ጠባብ ቦይ ከብቦታል፤ ከጎኑ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ዝቅ ያለ ቤት ቆሟል፤ በቦዩ ዳር አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል። ይህ የከተማዋ የቦውልስ ክበብ ነው፤ ቦውልስ ኳስ በሣር ላይ እያንከባለሉ የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። በብዙ ቦታ ለመቶ ዓመት ያህል ከቤተ ክርስቲያኑ፣ ከትምህርት ቤቱና ከእግር ኳስ ሜዳው እኩል የከተማዋ ምሰሶ ሆኖ ኖሯል። ዛሬ ግን ሣሩ በአረም የተዋጠበት፣ በሩም በሰንሰለት የታሰረበት ከተማ ጥቂት አይደለም።

ስለ እነዚህ ክበቦች መዳከም ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ወጣቱ ጨዋታውን ጠላው የሚል ምክንያት ነው። ግማሽ እውነት አለው። ይሁን እንጂ ክበቡን አቁሞት የኖረው ጨዋታው ብቻ ሳይሆን ያለ ደመወዝ የሚሠራ እጅ ነበር፤ ሣሩን የሚያጭድ፣ ሻዩን የሚያፈላ፣ መዝገቡን የሚይዝ። የክበቡ ታሪክ በትክክል የሚገባው ያን እጅ ለተከተለ ሰው ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታው

ቦውልስ ከሩቅ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ተጫዋቹ ትንሽ ምንጣፍ ላይ ቆሞ ኳሱን በሣሩ ላይ ያንከባልላል። ዓላማው አስቀድማ ወደ መስኩ ለተላከችው ትንሽ ኳስ ከተቃራኒው ወገን ይልቅ መቅረብ ነው። ይህች ትንሽ ኳስ ጃክ ትባላለች፤ አውስትራሊያውያን ኪቲም ይሏታል። ትልቁ ኳስ እስከ 1.59 ኪሎ ግራም ሊመዝን ይችላል፤ ጃኳ ግን ሩብ ኪሎ ገደማ ብቻ ናት።

ጥበቡ ያለው ኳሱ ቀጥ ብሎ ባለመሄዱ ላይ ነው። አንዱ ጎኑ ከሌላው በጥቂቱ የተለየ ቅርጽ ስላለው ጉልበቱ እየቀነሰ ሲመጣ ወደ አንድ ወገን ይታጠፋል። ስለዚህ ተጫዋቹ የሚያነጣጥረው ጃኳ ላይ ሳይሆን ከእርሷ ወጣ ብሎ ምንም በሌለበት ሣር ላይ ነው፤ ኳሱ በራሱ መንገድ ዞሮ እንዲመለስ ያምነዋል። በአራት ሰው ቡድን እያንዳንዱ ሁለት ሁለት ኳስ ይጫወታል። የቡድኑ መሪ በወዲያኛው ጫፍ ቆሞ በእጁ እየጠቆመ ሌሎቹን ይመራል፤ የራሱንም ኳስ መጨረሻ ላይ ያንከባልላል። በጉዞው ላይ ጃኳን የነካ ኳስ በጠመኔ ምልክት ይደረግበታል፤ ከዚያ በኋላ ቦዩ ውስጥ ቢገባ እንኳን ከጨዋታ አይወጣም።

ለአዲስ ሰው ግራ የሚያጋባው የመስኩ ፍጥነት አለካክ ነው። ኳሱ 27 ሜትር ያህል ሄዶ እስኪቆም ስንት ሰከንድ ፈጀ ተብሎ ይለካል። እርጥበት በበዛበት የእንግሊዝ ሣር ላይ 10 ወይም 12 ሰከንድ ይፈጃል፤ በደረቀውና በተላጨው የአውስትራሊያ ሣር ላይ ግን 14፣ 16፣ ከዚያም በላይ ይደርሳል። ፈጣን የሚባለው ብዙ ሰከንድ የሚፈጀው ነው። ሣሩ ስለማይዘው ኳሱን ለስለስ አድርጎ መልቀቅ ይበቃል፤ ኳሱም ቀስ እያለ ረጅም መንገድ ይሄዳል። አረጋዊ ሰው ከሃያ ዓመት ወጣት ጋር እኩል የሚቆምበት ስፖርት የሆነውም አንድም በዚህ ነው።

ከእንግሊዝ ወደ ወርቅ ከተሞቹ

በእንግሊዝ የሳውዝሃምፕተን ጥንታዊ የቦውልስ መስክ ታሪኩን እስከ 1299 ይመልሳል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነገሥታቱ ሕዝቡ ቀስት መወርወሩን ትቶ በጨዋታ እንዳይዘናጋ በሕግ ከለከሉት፤ በ1541 የወጣው አዋጅ ተራውን ሠራተኛ ከገና በዓል በስተቀር እንዳይጫወት አድርጎ ነበር። ክልከላው በሕግ የተነሣው በ1845 ነው። በዚያው ዓመት በታዝማኒያ ደሴት፣ ሆባርት አጠገብ ባለችው ሳንዲ ቤይ፣ በአንድ መጠጥ ቤት ግቢ የአውስትራሊያ የመጀመሪያው ጨዋታ ተደረገ።

ጨዋታው የተራ ሰው እንዲሆን ሁለት ነገሮች ረድተዋል። አንዱ በ1830 እንግሊዛዊው ኤድዊን በዲንግ የፈለሰመው የሣር ማጨጃ ማሽን ነው፤ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ መስክ ማጭድ የያዘ ብዙ ሠራተኛ ለሌለው የሚታሰብ አልነበረም። ሌላው የግላስጎው ሰው የነበረው ዊልያም ሚቸል በ1840ዎቹ መጨረሻ ያዘጋጀው ደንብ ነው። ስኮትላንዳውያን ሲሰደዱ ደንቡን ይዘው ሄዱ፤ ዛሬ በመላው ዓለም የሚሠራበት ደንብ ሥሩ ከዚያ ነው።

የሜልበርን ቦውሊንግ ክበብ በ1864 ተቋቋመ። በ1880 ዛሬ የአውስትራሊያ ክፍለ ግዛቶች የሆኑት ቪክቶሪያና ኒው ሳውዝ ዌልስ የየራሳቸውን ማኅበር መሠረቱ። ወርቅ የወጣባቸው የቪክቶሪያ ከተሞችም የየራሳቸውን ክበብ አቋቋሙ። ከእነርሱ አንዷ በሆነችው ስቶል በ1881 ሴቶች መጫወታቸው ተመዝግቧል፤ በ1907 ደግሞ የቪክቶሪያ ሴቶች በዓለም የመጀመሪያ የሆነውን የሴቶች ቦውልስ ማኅበር አቋቋሙ። ይህ የሴቶች ታሪክ ከሚገባው በታች ይወሳል። ጨዋታው የሽማግሌ ወንዶች ጊዜ ማሳለፊያ ተደርጎ በሚነገርበት ሁሉ ሴቶቹ ከመጀመሪያው ጀምሮ በመስኩ ላይ እንደነበሩ ይረሳል።

ክበቡ እንዴት ይኖር ነበር

የገጠር ክበብ አመሠራረት ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ባለ ሱቁ፣ ሐኪሙ፣ የባንኩ ሥራ አስኪያጅ፣ የባቡር ጣቢያው ኃላፊና ጥቂት ገበሬዎች ይሰበሰባሉ፤ መንግሥት ወይም አንድ ባለ መሬት ቦታ ይሰጣል፤ አፈሩን አባላቱ ራሳቸው በፈረስና በአካፋ ይደለድሉታል። የእኛን እድር ለሚያውቅ ሰው አሠራሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ ወርኃዊ ስብሰባ፣ መዋጮ አለው።

በበጋ ወራት፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአጎራባች ከተሞች ጋር የሚደረገው ውድድር የሳምንቱ ትልቅ ጉዳይ ነበር። ወንዶቹ ቅዳሜ፣ ሴቶቹ በሥራ ቀን ይጫወቱ ነበር። ሴቶቹ በአብዛኛው በዚያው መስክ ላይ የራሳቸው ክበብና የራሳቸው ሊቀመንበር ነበራቸው፤ መሬቱንና ገንዘቡን በሚመለከት ግን ለረጅም ዘመን ወሳኞቹ ወንዶች ነበሩ። ልብሱ ነጭ ነው፤ ከጫማ እስከ ባርኔጣ። የሴቶቹ ቀሚስ ርዝመት ሳይቀር በደንብ የተወሰነ ነበር። እንግዳ ቡድን ሲመጣ ከጨዋታው መሐል ለሻይ ይቆማል፤ ጠረጴዛው ላይ ሳንድዊች፣ ኬክና በቸኮሌት ተነክሮ ኮኮናት የተነሰነሰበት ላሚንግተን ይደረደራል። ያን ሁሉ ሴቶቹ እያንዳንዳቸው ከቤታቸው በሳህን ይዘውት ይመጡ ነበር። ማንም አይከፍላቸውም።

ከሁሉ የከበደው ሥራ የሣሩ ነው። ጠባቂው ጎሕ ሲቀድ መስኩ ላይ ይደርሳል። መጀመሪያ ረጅም ቀጭን ዘንግ ወይም የጎማ ቱቦ በሣሩ ላይ እየጎተተ ጤዛውን ያረግፋል፤ ጤዛው ከቆየ ሣሩን የሚያበላሽ ሻጋታ ያፈራል፣ የታጨደውም እየተጣበቀ ያስቸግራል። ከዚያ በማሽኑ ወደ ሦስት ሚሊ ሜትር ቁመት ያጭደዋል፤ ትናንት በሄደበት አቅጣጫ ዛሬ አይሄድም፣ ሣሩ ወደ አንድ ወገን ይተኛልና። ተንበርክኮ ጉንጩን ወደ መሬት አስጠግቶ ሣሩን በአግድም ያያል፤ የጣት ውፍረት የማያህል ጉብታ የኳሱን መንገድ ያስታልና። ወቅቱ ሲያበቃ ሣሩን ይቦጫጭራል፣ አሸዋ ይበትናል፣ እንደገና ይደለድላል። በከተማ ይህን የሚሠራ ሰው ደመወዝተኛ ነው። በትንሽ ከተማ ግን ጡረታ የወጣ ገበሬ ወይም የባቡር ሠራተኛ ነበር፤ ክፍያውም የቅዳሜ ተጫዋቾች ‹‹ዛሬ ሣሩ ጥሩ ይሮጣል›› ማለታቸው ነበር።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሱፍ ዋጋ ሰማይ ሲነካ የገጠሩ ሀብት ወደ ክበቡም ገባ። አዳራሽ ተሠራ፣ ሁለተኛ መስክ ተጨመረ፣ ቡና ቤት ተከፈተ። ኒው ሳውዝ ዌልስ በ1956 ለተመዘገቡ ክበቦች የቁማር ማሽን ስትፈቅድ ደግሞ የክበቦቹ ዕጣ ተለያየ። ቪክቶሪያ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ አልፈቀደችምና ሰዎች በአውቶቡስ እየተጫኑ ሁለቱን ግዛቶች የሚለየውን የመሬይን ወንዝ ተሻግረው ይጫወቱ ነበር። ከቪክቶሪያዋ ከተማ ከኢቹካ ማዶ ያለው የሞአማ ቦውሊንግ ክበብ ትልቅ ተቋም ሆኖ ያደገው በዚህ ወንዝ ዳር ነው። ምዕራብ አውስትራሊያ ደግሞ ማሽኖቹን ከፐርዝ ካዚኖ ውጭ እስከ ዛሬ ስላልፈቀደች የዚያ ክበቦች የኖሩት በአባላቱ መዋጮና በቡና ቤቱ ነው። እኔ ማሽኖቹን አልወድም፤ ከሰው ቤት የሚወስዱት ገንዘብ ሣር ቢያለመልምም ከዚያው ከተማ ኪስ የወጣ ነው። ቢሆንም ለብዙ ክበብ ዕድሜ መቀጠላቸውን መካድ አይቻልም።

መመናመኑ

ውድቀቱ በአንድ ቀን አልመጣም። ትራክተሩና ኮምባይነሩ እየተለቀ ሲሄድ አሥር ቤተሰብ ይኖርበት የነበረውን መሬት ሁለት ቤተሰብ ያርሰው ጀመር። የባቡር መስመሮች ተዘጉ፤ ባንኮቹ የገጠር ቅርንጫፎቻቸውን ዘጉ። ከመሥራቾቹ መካከል የባንክ ሥራ አስኪያጁና የጣቢያው ኃላፊ ነበሩ ብለናል፤ አሁን እነዚህ ሰዎች ከተማዋ ውስጥ የሉም። ልጆቹ ለትምህርት ወደ ትልቅ ከተማ ሄደው በዚያው ቀሩ። ሴቶቹ ደመወዝ ወዳለው ሥራ ሲገቡ፣ ተገቢም ነበር፣ የሥራ ቀኑ ጨዋታ ሳሳ፤ የሻዩ ጠረጴዛም የሚዘረጋለት ሰው አጣ።

ሌሎች ምቶችም በላዩ ላይ ተደራረቡ። በ1982 መጨረሻ ኒው ሳውዝ ዌልስ በመንገድ ላይ የአሽከርካሪዎችን ትንፋሽ መመርመር ስትጀምር ብዙ ሕይወት ተረፈ፤ ሃያ ኪሎ ሜትር ነድቶ ወደ እርሻው የሚመለሰው አባል ግን ከጨዋታ በኋላ ለመጠጥ መቆየቱን ተወ፤ የቡና ቤቱም ገቢ ቀነሰ። በ2001 ኤችአይኤች የተባለው ትልቅ የኢንሹራንስ ኩባንያ ሲከስር የኃላፊነት መድን ዋጋ ናረ፤ አርባ አባል ላለው ክበብ ይህ ቀላል ሸክም አልነበረም። ከ1997 እስከ 2009 የዘለቀው ድርቅ ደግሞ ከሁሉ በላይ በሣሩ ላይ ፈረደ። በብዙ የቪክቶሪያ የገጠር ከተሞች ከቤት ውጭ ውኃ ማጠጣት እስከ መከልከል ተደረሰ። አቅም ያለው ጉድጓድ አስቆፈረ፤ ሌላው በሰው ሠራሽ ምንጣፍ ለወጠው። ምንጣፉ ማጨድም ውኃም አይፈልግም፤ ግን ዋጋው ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ነው፤ አርጅቶ መተካት ሲኖርበት ያንኑ ያህል ገንዘብ እንደገና ይጠይቃል። ሲነጠፍ ብድሩን የፈረሙት አባላት በሚተካበት ጊዜ ብዙዎቹ በሕይወት አይኖሩም።

የዚህ ሁሉ ምስክር በየክበቡ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የክብር ሰሌዳ ነው። የሊቀመንበሮቹ ስም በተወለወለ እንጨት ላይ በወርቃማ ፊደል ተጽፎበታል። ከላይ በኩል ስሙ በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ ይለወጣል፤ ተራ ጠባቂው ብዙ ነበርና። መሐል ላይ ያው የቤተሰብ ስም ተመልሶ ይመጣል፤ አባት፣ ቀጥሎ ልጅ። ወደ ታች ሲወርዱ አንድ ሰው ስድስት ዓመት፣ ስምንት ዓመት ተከታትሎ ተጽፏል። ሥልጣን ወድዶ አይደለም፤ የሚረከበው ጠፍቶ ነው። ከእርሱ በታች ያለው እንጨት ባዶ ነው።

የዛሬው ገጽታ

በትላልቅ ከተሞች ነገሩ ሌላ መልክ ይዟል። ወጣቶች ጫማቸውን አውልቀው ቢራ ይዘው በባዶ እግር የሚጫወቱበት ልማድ ብዙ የከተማ ክበብን አድኗል። ነጩ ልብስ በቀለማት ተተክቷል። በውድድር ደረጃም ቢሆን ጨዋታው አልሞተም፤ ከ1930 ጀምሮ ከ1966ቱ በስተቀር በኮመንዌልዝ ጨዋታዎች ሁሉ ተካትቷል፤ የ2023 የዓለም ሻምፒዮናም በአውስትራሊያዋ ከተማ በጎልድ ኮስት ተካሂዷል። የ2026 የኮመንዌልዝ ቦውልስ ውድድር በጥንቷ የወርቅ ከተማ ቤንዲጎ ሊደረግ ታስቦ ነበር፤ የቪክቶሪያ መንግሥት በሐምሌ 2023 ዝግጅቱን ሲሰርዘው ለገጠሩ ክበቦች የተጠበቀው መነቃቃትም አብሮ ቀረ።

የባዶ እግሩ ጨዋታ ለትንሿ ከተማ መድኃኒት አይሆንም፤ ቅዳሜ ማታ ሊመጣ የሚችል ወጣት በብዛት የለምና። የከተማው ክበብ ሲዘጋ መሬቱ ብዙ ሚሊዮን ያወጣል፤ የገጠሩ ሲዘጋ ግን የሚገዛው አይገኝም፤ ብዙ ጊዜም መሬቱ የመንግሥት ስለሆነ ወደ መንግሥት ይመለሳል። ስለዚህ የተለመደው መንገድ መዋሐድ ሆኗል፤ ከጎልፍ ክበቡ ጋር፣ ወይም ሠላሳ ኪሎ ሜትር ርቆ ካለው የቦውልስ ክበብ ጋር። ይህ ሲሆን አባላቱ ወንበሮቹንና ዋንጫዎቹን ጭነው ይሄዳሉ፤ ሰሌዳውንም ከግድግዳው አውርደው በብርድ ልብስ ይጠቀልሉታል። በአዲሱ ክበብ ሳሎን፣ ከዚያኛው ከተማ ሰሌዳ ጎን ሌላ ምስማር ተመትቶ ይሰቀልለታል።