«አይ» ወይስ «ሚ»? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ፣ አመሻሽ ላይ ሙቀቱ በረድ ሲል ልጆች እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ብዙዎቹ «አይ» እና «ሚ»፣ «ሂ» እና «ሂም» ላይ ይደናገራሉ። ስንፍና አይደለም። ድሮ የሰሙት ምክር ነው የሚያሳስታቸው።

«"አይ" ከ"ሚ" ይልቅ ጨዋ ነው»

ዋናው ስህተት ይሄ ነው። ልጅ ሆነን «ሚ ኤንድ ማይ ብራዘር ዌንት ቱ ሐረር» ስንል «ማይ ብራዘር ኤንድ አይ በሉ!» ተባልን። እርማቱ ልክ ነበር፤ ምክንያቱ ግን አልተነገረንም። ስለዚህ «ኤንድ» ባየንበት ሁሉ «አይ» እንሰካለን። «ሺ ኮልድ ማይ ብራዘር ኤንድ አይ» እንላለን፤ ይሄ ስህተት ነው። እስቲ ወንድምህን ለጊዜው አውጣውና አንብበው። «ሺ ኮልድ አይ» ትላለህ? አትልም። «ሺ ኮልድ ሚ» ነው። ወንድምህ ሲመለስም «ሚ» ቦታውን አይለቅም። ራስን ኋላ መጥራት ጨዋነት ነው፤ «አይ» ወይም «ሚ» የሚለውን የሚወስነው ግን ቃሉ ባለቤት ወይም ተሳቢ መሆኑ ነው። እንግሊዝኛ አፍ የፈቱበትም «ቢትዊን ዩ ኤንድ አይ» ሲሉ ይሰማሉ። በመደበኛው ጽሑፍ «ቢትዊን ዩ ኤንድ ሚ» ነው።

«አማርኛው "ን" ከሌለው "አይ" ነው»

«እኔን» ሲሆን «ሚ» ማለት ብዙ ጊዜ ያስኬዳል። «ከእኔ ጋር» ላይ ግን «ን» የለም፣ እንግሊዝኛው «ዊዝ ሚ» ነው። ከ«ዊዝ»፣ «ፎር»፣ «ቱ» እና «ፍሮም» ኋላ «ሚ»፣ «ሂም»፣ «ኸር»፣ «አስ»፣ «ዜም» ይመጣሉ።

«ግሱ ላይ "ኝ" ካለ "ሚ" ነው»

ይሄኛው የኛው የአማርኛ ተናጋሪዎች ወጥመድ ነው። «አለኝ»፣ «ራበኝ»፣ «ይመስለኛል» ሁሉም «ኝ» አላቸው፤ በእንግሊዝኛ ግን «አይ ሃቭ»፣ «አይ አም ሃንግሪ»፣ «አይ ቲንክ» ናቸው። አንዲት ተማሪዬ ውጭ አገር ላለች አክስቷ «ናፈቅሽኝ» ልትል ፈልጋ ስልኳ ላይ «ዩ ሚስ ሚ» ብላ ጻፈች። ነገሩ ተገለበጠና ናፋቂዋ አክስቷ ሆነች። በአማርኛው የግሱ ባለቤት አክስት ናት፤ ልጅቷ ያለችው «ኝ» ላይ ነው። እንግሊዝኛ ናፋቂውን ባለቤት ያደርጋል፦ «አይ ሚስ ዩ»። እኔ በበኩሌ ይህችን አንዲት ቃል ለማስረዳት ሙሉ ሰዓት ብሰጥ አይቆጨኝም።

«"ኢትስ ሚ" ስህተት ነው»

አይደለም። በር አንኳኩተህ «ሁ ኢዝ ኢት?» ቢሉህ «ኢትስ ሚ» በል። «ኢት ኢዝ አይ» ይሁን የሚለው የላቲንን ሰዋስው መለኪያ ካደረጉ ሰዎች የመጣ ነው።

«"ሁም" ያላለ አልተማረም»

«ሁ ዲድ ዩ ሲ?» በዕለት ተዕለት ንግግር ምንም አይወጣለትም። «ሁም» ቦታው እንደ «ቱ» ካሉ ቃላት ቀጥሎ ነው። የሥራ ልምድ ደብዳቤህን አውጥተህ አናቱን እይ፤ «ቱ ሁም ኢት ሜይ ኮንሰርን» ይላል።