የወደብ ባቡር በጠባብ ሳንቃ ላይ፦ ፉርጎ የማደራጀት ሞዴል

የሞዴል ባቡር ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው በክብ ሐዲድ ላይ ሳያርፍ የሚዞር ባቡር ነው። በወደብ ሞዴል ላይ ግን ባቡሩ የትም አይሄድም። አንድ ሜትር ተኩል በሚያህል ሳንቃ ላይ አንዲት አጭር ሎኮሞቲቭ ወደ ፊት ትላለች፣ ወደ ኋላ ትመለሳለች፤ አንዱን ፉርጎ ከመጋዘን በር ትስባለች፣ ሌላውን ከክሬን ሥር ታስገባለች። ሥራው የተመሰቃቀሉ ፉርጎዎችን በታዘዘው ቅደም ተከተል ማሰለፍ ነው። ጨዋታውም ይኸው ነው።

ወደብን ለዚህ ሥራ ተመራጭ ያደረገው ጥበቱ ነው። ተራራ የሚያቋርጥ መስመር ለመሥራት የተነሣ ሰው አሥር ኪሎ ሜትሩን በአንድ ክንድ ማሳጠር ግድ ይሆንበታል። ወደብ ግን በእውኑም የተጨናነቀ ነው። ከፊት ውኃ፣ ከኋላ ከተማ ስለሚያግደው ሐዲዱ ከልክ በላይ ይታጠፋል፤ ባቡሩም በሰው እርምጃ ፍጥነት ይሄዳል።

ለዚህ ከኒው ዮርክ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። ከምዕራብ ከሚመጡት የባቡር ድርጅቶች የብዙዎቹ መስመር የሚያበቃው ከሃድሰን ወንዝ ማዶ፣ ኒው ጀርዚ ላይ ነበር። ድልድይ ስላልነበራቸው ፉርጎዎቹን ከነጭነታቸው ሐዲድ በተነጠፈበት ጠፍጣፋ ጀልባ ላይ አሳፍረው በጎታች ጀልባ ያሻግሯቸው ነበር። የኒው ዮርክ ክፍለ ከተሞች በሆኑት በብሩክሊንና በብሮንክስ ዳርቻ ከሌላ ሐዲድ ጋር በየብስ የማይገናኙ ትንንሽ የጭነት ጣቢያዎች የበቀሉት በዚህ ምክንያት ነው፤ እያንዳንዱ ፉርጎ የሚገባውም የሚወጣውም በውኃ ነበር። ሴንትራል ሬይልሮድ ኦፍ ኒው ጀርዚ የተባለው የባቡር ድርጅት በብሮንክስ፣ በሃርለም ወንዝ ዳር የነበረው ጣቢያ ቦታ ከማጣቱ የተነሣ የዕቃ መጋዘኑ ክብ ሆኖ ተሠርቶ ነበር። በአሜሪካ በንግድ ሥራ ላይ ውላ የተሳካላት የመጀመሪያዋ ናፍጣ-ኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ፣ ቁጥር 1000፣ እ.ኤ.አ. በ1925 ሥራ የጀመረችው እዚያው ነው። ጉልበቷ 300 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር፤ ዛሬ ባልቲሞር በሚገኝ የባቡር ሙዚየም ውስጥ ተቀምጣለች። በተቃራኒው ብሩክሊን ኢስተርን ዲስትሪክት ተርሚናል የተባለው ድርጅት እስከ እ.ኤ.አ. 1963 ድረስ በእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ሲሠራ ቆይቷል። ፉርጎ በጀልባ ማሻገሩ ዛሬም ጨርሶ አልቀረም፤ በጀርዚ ሲቲና በብሩክሊን መካከል የቀረውን አገልግሎት ከእ.ኤ.አ. 2008 ጀምሮ የያዘው የኒው ዮርክና ኒው ጀርዚ የወደብ ባለሥልጣን ነው።

ጀልባው ለሞዴል ሠሪ ሲሳይ ነው። ራሱን በቻለ ትንሽ ሳንቃ ላይ ተሠርቶ ከዋናው ሳንቃ ጠርዝ ጋር ይገጠማል። ጨዋታው ሲጀመር ከነፉርጎዎቹ ከመደርደሪያ ወርዶ «ይደርሳል»፤ ሲያልቅ ተነሥቶ «ይሄዳል»። የተቀረው ዓለም ሁሉ እዚያ መደርደሪያ ላይ አለ ማለት ነው። ሕጉም ከእውነተኛው ሊቀዳ ይችላል። የጀልባውን አንድ ወገን ብቻ መሙላት ስለሚያዘነብለው ጭነቱ ግራና ቀኝ እየተመጣጠነ መግባት አለበት። ከባዷ ሎኮሞቲቭም ወደ ጀልባው በሚያሻግረው ተንቀሳቃሽ ድልድይ ላይ እንዳትወጣ፣ በእሷና በጭነቱ መካከል ባዶ ጠፍጣፋ ፉርጎዎች ይቀጠላሉ። እነዚህን ሁለት ሕጎች ያከበረ ተጫዋች በአራት ፉርጎ ብቻ ግማሽ ሰዓት ሊያሳልፍ ይችላል።

የሐዲዱን አቀማመጥ በተመለከተ፣ ጀማሪ አዲስ ነገር ከመፈልሰፉ በፊት እንግሊዛዊው አለን ራይት የቀየሰውን «ኢንግልኑክ ሳይዲንግስ» ቢሞክር ይሻለዋል። ሁለት መገንጠያዎች (ሐዲዱ ለሁለት የሚከፈልባቸው ቦታዎች) እና ፉርጎ የሚቆምባቸው ሦስት የሐዲድ ጫፎች ብቻ አሉት። አንደኛው አምስት ፉርጎ፣ ሁለቱ ደግሞ ሦስት ሦስት ፉርጎ ይይዛሉ፤ ሎኮሞቲቯ ፉርጎ እየሳበች የምትወጣበትና የምትመለስበት መመላለሻው ሐዲድ ደግሞ እሷንና ሦስት ፉርጎ ይችላል። ስምንት ፉርጎዎች ይቀመጣሉ፤ ከእነርሱ አምስቱ በዕጣ ወጥተው በወጡበት ተራ መሰለፍ አለባቸው። ቀላል ይመስላል። ሊታዘዝ የሚችለው የፉርጎ አሰላለፍ ግን 6,720 ነው፤ በየቀኑ አንድ ቢጫወቱ ከ18 ዓመት በላይ ያስኬዳል። የርዝመቱ ልክ የጨዋታው ነፍስ ነው። መመላለሻውን «ለአንድ ተጨማሪ ፉርጎ» ብሎ ያስረዘመ ሰው እንቆቅልሹን ራሱ አበላሸው።

አሜሪካዊው ጆን አለን እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳተመው «ታይምሴቨር» የተባለው አቀማመጥ አምስት መገንጠያዎች አሉት፤ በሰዓት የሚያፎካክር ጨዋታ ሆኖ ነው የተቀየሰው። ለውድድር ጥሩ ነው፤ ለወደብ ግን አይመቸኝም፤ ሐዲዱን እንዲህ የሚያወሳስብ የጭነት ጣቢያ በእውን አይገኝም።

በብዛት የሚሠራበት ልኬት 1፡87 (ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ) ሲሆን «ኤች ኦ» ይባላል፤ የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። የኢንግልኑክ አቀማመጥ በዚህ ልኬት አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ርዝመትና 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ይበቃዋል። 1፡160 የሆነውና «ኤን» የሚባለው ቦታውን በግማሽ ይቀንሳል፤ ይሁን እንጂ ትንንሾቹን ማያያዣዎች መፍታት ዐይንና ትዕግሥት ይፈትናል።

ብዙዎች የሚሰናከሉት በኤሌክትሪኩ ነው። አጭር ሎኮሞቲቭ ኃይል የምትቀበለው በጥቂት መንኮራኩሮች ስለሆነ፣ የመገንጠያው መሻገሪያ (ሁለቱ ሐዲዶች የሚቋረጡበት ክፍል) ፕላስቲክ ከሆነ እላዩ ላይ ትቆማለች። ስለዚህ መሻገሪያው ከብረት የተሠራና ኃይል የሚያገኝ መሆን አለበት። ሐዲዱም በአልኮል በተነከረ ጨርቅ መጥረግ ይፈልጋል። ለአንዲት ሎኮሞቲቭ ውድ ዲጂታል መቆጣጠሪያ አያስፈልግም፤ ዝግ ብሎ መነሣት የሚያስችል ተራ መቆጣጠሪያ ይበቃል።

በወደብ ብዙው ሐዲድ ከመኪና መንገድ ጋር እኩል ሆኖ በድንጋይ ወይም በኮንክሪት መካከል የተቀበረ ነው። በሞዴሉ ላይ ይህ በጂፕሰም ይሞላል፤ ሙሌቱ ከሐዲዱ አናት በጥቂቱ ዝቅ ይላል፣ በውስጥ በኩል ደግሞ የመንኮራኩሩ ከንፈር የሚያልፍበት ቦይ ይተዋል። ሎኮሞቲቯ በሁሉም ሐዲድ ላይ ሳትደናቀፍ መሄዷ ሳይረጋገጥ ጂፕሰም ማፍሰስ ግን አይገባም፤ ከደረቀ በኋላ ጥፋት መፈለግ አስፋልት ቆፍሮ የውኃ ቧንቧ እንደ መጠገን ነው። ከኋላ የሚቆሙት መጋዘኖች ሙሉ ሕንፃ መሆን የለባቸውም፤ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የፊት ግድግዳ ይበቃል። ውኃውን ሰማያዊ የሚቀቡ ሰዎች ወደብ ያዩ አይመስለኝም። የወደብ ውኃ አረንጓዴና ቡናማ የተቀላቀለበት ድፍርስ ነው፤ ሳንቃው በዚያ ቀለም ተቀብቶ ላዩ ላይ የሚያብለጨልጭ ቫርኒሽ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢደረብበት ይመስላል።

ጅቡቲን መሥራት የሚያምረው አንባቢ ቢኖር ልኬቱ አያስቸግረውም። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው መስመር ስፋቱ አንድ ሜትር ስለነበር በ1፡87 ወደ 11.5 ሚሊ ሜትር ይወርዳል፤ ለዚህ በገበያ ላይ ያለው የ12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ይሆናል። አዲሱ የኢትዮጵያ–ጅቡቲ መስመር ደግሞ 1,435 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ለተራው የ16.5 ሐዲድ ልክ ነው። ጣጣው ፉርጎዎቹ ላይ ነው፤ እነርሱን በካርቶንና በኮላ ራሱ ለመሥራት መዘጋጀት ይኖርበታል።