ስለ ቻፕሊን «ታላቁ አምባገነን» በስህተት የሚወሩ ነገሮች

እ.ኤ.አ. በ1940 በወጣው በዚህ ኮሜዲ ቻርሊ ቻፕሊን ሁለት ሰው ሆኖ ይተውናል። አንዱ ቶማኒያ የተባለች የፈጠራ አገር አምባገነን ሂንክል ነው። ሌላው መልኩ ቁርጥ እሱን የሆነ አይሁዳዊ ፀጉር አስተካካይ። ሂንክል ሂትለር መሆኑን ማንም አይስተውም። ስለ ፊልሙ ግን ብዙ የተሳሳተ ወሬ አለ።

«ሪዙን ከሂትለር ኮረጀ።» በፍጹም። ቻፕሊን ያቺን ሪዝ ለጥፎ ፊልም ላይ የታየው በ1914 ነው። ያኔ ሂትለርን ማን ያውቀዋል?

«በወደቀ ሰው መሳቅ ቀላል ነው።» ሂትለር መች ወደቀና? ቀረጻው የተጀመረው በ1939፣ ጦርነቱ በተነሳ በቀናት ውስጥ ነው። ፊልሙ ሲወጣ ፓሪስ በጀርመን እጅ ነበረች፤ ለንደን ላይ ቦምብ ይዘንብ ነበር። አሜሪካ ጦርነቱ ውስጥ የገባችው ከዓመት በላይ ቆይታ ነው። ወጪውንም የሸፈነው ቻፕሊን ከራሱ ኪስ ነው። ለእኔ ይሄ ትልቅ ድፍረት ነው።

«የካምፖቹን ግፍ እያወቀ ቀለደ።» ከባድ ክስ ነው። ፊልሙ ውስጥ የእስረኞች ካምፕ አለ፣ ያስቃልም። ለጅምላ ግድያ የተሠሩት ካምፖች ግን ሥራ የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። ቻፕሊን በ1964 ባሳተመው ግለ ታሪኩ፣ የካምፖቹን እውነተኛ ሰቆቃ ቢያውቅ ኖሮ ፊልሙን መሥራት እንደማይችል ጽፏል።

«መጨረሻ ላይ አምባገነኑ ተጸጸተ።» ፊልሙ መጨረሻ ላይ ያለውን የሰላም ንግግር ብቻ ቆርጦ ያየ ሰው በዩኒፎርሙ ይሳሳታል። ተናጋሪው ፀጉር አስተካካዩ ነው። ሂንክል መስሏቸው መድረክ ላይ አወጡት። እውነተኛውን ሂንክል የገዛ ወታደሮቹ ዳክዬ ሲያድን አግኝተው፣ ፀጉር አስተካካዩ መስሏቸው አስረውታል።

«ፊልሙ ስለ ሂትለር ብቻ ነው፤ እኛን አይመለከትም።» እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። ጃክ ኦኪ የሚተውነው ናፓሎኒ፣ ባክቴሪያ የተባለች የፈጠራ አገር ገዥ፣ ሙሶሊኒ ነው፤ ሕዝባችንን በመርዝ ጋዝ የፈጀው ሙሶሊኒ። አንድ ቦታ ላይ ሂንክል እንግዳውን ቁልቁል ለማየት ሲል አጭር ወንበር ያስቀምጥለታል። ናፓሎኒ ግን ተነስቶ ጠረጴዛው ላይ ጉብ ይላል። ፀጉር ቤት ሲገቡ ደግሞ ማን ከማን ከፍ ይላል በሚል ወንበራቸውን እየዘወሩ ሁለቱም ወደ ጣሪያው ይወጣሉ። ደረቱን የሚነፋው ያ ሰውዬ ወንበር ይዞ ሲታገል ሳይ አያቶቻችን ትዝ ይሉኛል።

ምክንያቱም ፊልሙ ኒው ዮርክ ላይ ሲከፈት በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 5 ቀን 1933 ነበር። አዲስ አበባ ገና በጣልያን እጅ ነች። አርበኞች ዱር ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ሱዳን ናቸው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ።