ቢንፖት፦ የቦስተን አራት ዩኒቨርሲቲዎች የሆኪ ዋንጫ

በአሜሪካዋ ቦስተን ከተማ የፌብሩዋሪ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰኞዎች የአይስ ሆኪ ናቸው። ቦስተን ዩኒቨርሲቲ፣ ቦስተን ኮሌጅ፣ ሃርቫርድና ኖርዝኢስተርን ለ«ቢንፖት» ዋንጫ ይፋለማሉ። በመጀመሪያው ሰኞ ሁለት የግማሽ ፍጻሜ ጨዋታዎች አሉ። በሳምንቱ ተሸናፊዎቹ ለደረጃ፣ አሸናፊዎቹ ለዋንጫ ይገናኛሉ። በቃ፣ ውድድሩ ይኸው ነው። ዋንጫው ቅርጹ ማሰሮ ነው፤ ከተማዋ የምትታወቅበት የቦሎቄ ምግብ የሚበስልበት ዓይነት።

የሚገርመው ይህ ማሰሮ በኮንፈረንስ ሰንጠረዥ ላይ አንዲት ነጥብ አይጨምርም። የአሜሪካ ኮሌጅ ሆኪ በኮንፈረንሶች የተከፋፈለ ነው። እያንዳንዱ የራሱ ሰንጠረዥና የራሱ ሻምፒዮን አለው፤ ሻምፒዮኑ 16 ቡድኖች ወደሚሳተፉበት አገር አቀፍ ውድድር በቀጥታ ያልፋል። ከአራቱ ሦስቱ በ1984 (እ.ኤ.አ.) መጫወት በጀመረው ሆኪ ኢስት በተባለው ኮንፈረንስ ውስጥ ናቸው። ሃርቫርድ ግን ከዬልና ከኮርኔል ጋር ኢሲኤሲ በተባለ ሌላ ኮንፈረንስ ውስጥ ነው። ያም ሆኖ የቦስተን ተማሪ ከኮንፈረንሱ ዋንጫ ይልቅ ስለ ቢንፖቱ ሲያወራ ብትሰሙ አይግረማችሁ።

የ2020ው ፍጻሜ ነገሩን ያሳያል። ኖርዝኢስተርን ቦስተን ዩኒቨርሲቲን በሁለተኛው ጭማሪ ሰዓት 5 ለ 4 ረታና ዋንጫውን አነሳ። የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርትን በሚመራው በኤንሲኤኤ መዝገብ ግን ጨዋታው አቻ ነው፤ ሕጉ ከአምስት ደቂቃ ጭማሪ በኋላ የገባን ጎል አይቆጥርም ነበር። ደጋፊው ግን ለመዝገቡ መች ደንታ አለው!

ውድድሩ የተጀመረው በዲሴምበር 1952 በቦስተን አሬና ስታዲየም ነው፤ የመጀመሪያውን ዋንጫ ሃርቫርድ ወሰደ። ዛሬ የሚካሄደው በቲዲ ጋርደን ስታዲየም ነው። በ1978 ግማሽ ፍጻሜው ታላቅ የበረዶ አውሎ ነፋስ ላይ ወደቀ። መንገድ ተዘጋ፤ ወደ ቤቱ መሄድ ያልቻለ ተመልካች በጊዜው ጨዋታው በሚካሄድበት ቦስተን ጋርደን ስታዲየም ውስጥ አደረ። ፍጻሜው ወደ ማርች ተገፋ።

ከፉክክሮቹ ሁሉ የከረረው የቦስተን ዩኒቨርሲቲና የቦስተን ኮሌጅ ነው። ሁለቱም ኮመንዌልዝ ጎዳና ላይ ናቸው፤ አንድ የከተማ ባቡር መስመር ያገናኛቸዋል። ቦስተን ዩኒቨርሲቲ ዋንጫውን ከ30 ጊዜ በላይ ወስዷል፣ ጉራውም በዚያው ልክ ነው። ኖርዝኢስተርን በተቃራኒው የመጀመሪያውን ያገኘው በ1980 ነው። ከ1988 በኋላ ደግሞ 30 ዓመት ጠበቀ። በ2018 ሲያሸንፍ ሦስት ዓመት በተከታታይ ማንም አልነካውም።

የተማሪዎቹ ጫጫታ ለብቻው ይታያል። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ባንዱን ይዞ ይመጣል። ጎል ሲገባ ተማሪው ሁሉ ጣቱን በተቃራኒው በረኛ ላይ ቀስሮ «ወንፊት! ወንፊት!» ይላል፤ ሁሉን ታሳልፋለህ ለማለት ነው። በረኛው የራስ ቁሩን ከፍ አድርጎ ውኃ ይጠጣል እንጂ ዞር ብሎ አያይም። ይህ ስድብ በኮሌጅ ሆኪ በየሜዳው አለ።

ሜዳው ላይ ያሉትም ተራ ልጆች አይደሉም። በ1980 ኦሎምፒክ ሶቪየት ኅብረትን 4 ለ 3 ያሸነፈው የአሜሪካ ቡድን ውስጥ አራቱ ከቦስተን ዩኒቨርሲቲ የወጡ ነበሩ፤ የማሸነፊያዋን ጎል ያገባው አምበሉ ማይክ ኢሩዚዮኒም ከእነሱ አንዱ ነው። በ2024 የሰሜን አሜሪካ ፕሮፌሽናል ሆኪ ሊግ በሆነው ኤንኤችኤል የወጣት ተጫዋቾች ምልመላ አንደኛ የተመረጠው ማክሊን ሴለብሪኒም የመጣው ከዚያው ነው።

ሴቶችም ከ1979 ጀምሮ የራሳቸው ቢንፖት አላቸው። ፍጻሜያቸው ቲዲ ጋርደን የገባው ግን በ2024 ነው፤ ዘግይቷል ቢባል ያንሳል።