ጠገራ ብር ምንድን ነው? ሰብሳቢዎችስ አሮጌ ገንዘብ ለምን ይወዳሉ?

ጎጃም ውስጥ ቆየት ያለ ቤት ያለው ሰው ሣጥኑን ቢበረብር ከሥር በጨርቅ የተቋጠረ ጠገራ ብር አያጣም። እኛ ቤት ሦስት ነበሩ። አያቴ በስፌት ሙዳያቸው ውስጥ በጥጥ ሸፍነው ያስቀምጧቸው ነበር። ለፋሲካ ቤቱ ሲጸዳ ያወጧቸዋል፤ ሦስት መሆናቸው እየታወቀ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ይቆጥሩና መልሰው ይከድኗቸዋል። አንድ ዓመት ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ሦስቱንም በአመድና በሎሚ ፈትጌ እንደ መስታወት አበራኋቸው። አያቴ መረቁኝ። ከብዙ ዓመት በኋላ አሮጌ ገንዘብ የሚሰበስብ ወዳጄ ቤት መጥቶ አያቸውና "ማን ነው ያጠባቸው?" አለኝ። ድምፁ መርዶ የሰማ ሰው ድምፅ ነበር።

ምን እንዳጠፋሁ ለመረዳት መጀመሪያ ጠገራ ብር ምን እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ።

ጠገራ ብር የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ ምስል የተቀረጸበት ትልቅ የብር ገንዘብ ነው። አያቶቻችን ስሟን ለአፋቸው እንዲመች አድርገው "ማርትሬዛ" አሏት። ክብደቱ 28 ግራም ከጥቂት ነው፤ ከዚህ ውስጥ 23.4 ግራም ያህሉ ንጹሕ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። ዛሬ የገንዘባችን መጠሪያ የሆነው "ብር" የሚለው ቃልም የማዕድኑ ስም ነው። ወረቀቱም ሆነ በስልክ የምንልከው ቁጥር ብር የሚባለው፣ ብር በእጅ ተመዝኖ፣ ድንጋይ ላይ ተጥሎ ድምፁ የሚሰማበት ዘመን ስለነበረ ነው።

አንዱን መዳፍ ላይ አኑሮ ማየት ደስ ይላል። በአንድ ገጽ ደርበብ ያለች፣ አገጯ የተደራረበ ሴት ትታያለች። ባሏ እ.ኤ.አ. በ1765 ከሞተ ወዲህ ከራሷ ያላወረደችው የመበለት ሻሽ አለባት። ትከሻዋ ላይ በዘጠኝ ዕንቁዎች የተከበበ ጌጥ ተሰክቷል። ከትከሻዋ በታች ሁለት ጥቃቅን የላቲን ፊደላት ይታያሉ፤ ጉንዝቡርግ በምትባል ከተማ በሚገኘው የገንዘብ መቅረጫ ይሠሩ የነበሩ የሁለት ሹማምንት ስም መነሻ ናቸው። በጀርባው ሁለት ራስ ያለው ንስር አለ፤ ደረቱ በጋሻ፣ ጋሻው በልዩ ልዩ አገር ዓርማ የተሞላ ነው። ጠርዙን በአውራ ጣት ሲዳስሱት ደግሞ ጎርበጥ ጎርበጥ የሚል ጽሑፍ አለ፤ ትርጉሙ "በፍትሕና በምሕረት" ነው፣ የንግሥቲቱ መፈክር። ጠርዙ ላይ መጻፉ ለጌጥ ብቻ አልነበረም። ብሩን ከዳር ከዳር እየፋቀ የሚሰርቅ ሰው ፊደሉን ሳያበላሽ ማምለጥ አይችልም።

ዓመቱ ደግሞ 1780 ይላል። በእኛ ቤት ሦስቱም ላይ 1780 ነው። በጎረቤትም 1780። ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም ብትጠይቁ ያው ነው።

ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ኅዳር ወር ነው። በቀይ ባሕር ዙሪያ የሚነግደው ነጋዴ ግን የእሷን ፊት ለምዶ ሌላ ፊት አልቀበል አለ። መቅረጫ ቤቶቹም ምስሏንም ዓመቱንም ሳይነኩ መቅረጻቸውን ቀጠሉ። ከእሷ ዘመን ጀምሮ የተቀረጸው ሲደመር ከ300 ሚሊዮን ይበልጣል፤ ቪየና ያለው መቅረጫ ቤት ዛሬም ይቀርጻታል። ስለዚህ "1780 ተጽፎበታል፣ ይኸው ከ240 ዓመት በላይ አለፈው" ብሎ ዋጋ የሚቆልል ሰው ወይ አያውቅም ወይ ሊያታልላችሁ ነው። ብሩ ስለ ዕድሜው ይዋሻል። ሰብሳቢን የሚይዘውም ይኸው ውሸት ይመስለኛል፤ እውነተኛ የልደት ቀኑ የት ተደብቆ እንደሆነ መፈለግ።

የሚፈለገው በጥቃቅን ነገር ነው። የንስሩ ጭራ ስንት ላባ አለው? ትከሻዋ ላይ ያለው ጌጥ ሞላላ ነው ወይስ ክብ? ከፊደላቱ መካከል ነጥብ አለ ወይስ የለም? እያንዳንዱ መቅረጫ ቤት፣ እንዲያውም በአንድ ቤት ውስጥ እያንዳንዱ የብረት ማኅተም፣ የራሱን ትንሽ ምልክት ትቷል። የሚያውቅ ሰው በማጉያ መነጽር አይቶ "ይህ የቪየና፣ ይህ የቬኒስ፣ ይህ የሚላኖ" ይላል።

የእኛ ሰዎች ያለ መነጽር ጀምረውታል። በገበያ ብር የሚቀበል ሰው ዕንቁዎቹን ይቆጥራል፣ ጠርዙን ይዳስሳል፣ ፊቷ የተላሰውን ይመልሳል። ጣሊያን በ1918 እ.ኤ.አ. ለኤርትራ ብላ ማርትሬዛን የምትመስል ሌላ ሴት ያለችበት ብር ቀርጻ አምጥታ ነበር። መልኳ ይመስላል፤ ግን እሷ አይደለችም። ገበያው አልተቀበላትም። ከዚያ ቀደም ብሎ ዳግማዊ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ ያስቀረጹት ብር በክብደትም በጥራትም ከማርትሬዛ የሚያንስ አልነበረም፤ የራሳቸው ምስል ከነዘውዱ፣ በጀርባው አንበሳ አለው። የገጠሩ ሰው ንጉሠ ነገሥቱን እያከበረ ብራቸውን ግን ለረጅም ጊዜ ጠረጠረ። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል፤ ሰብሳቢ ፊት ሁለቱ ቢቀርቡ እጁ ወደ ምኒልክ ብር ይሄዳል፣ ቁጥሩ እጅግ ያነሰ ነውና። አንበሳው ግራ እግሩን ያነሣበትና ቀኝ እግሩን ያነሣበት መኖሩን ሲሰማ ደግሞ እንቅልፍ ያጣል።

ማርትሬዛ ብቻዋን ገበያውን አልገዛችም። አንድ ጠገራ ብር ለአንድ ድስት በርበሬ አይመዘዝም፤ በጣም ትልቅ ገንዘብ ነው። ዝርዝሩ አሞሌ ጨው ነበር። ከአባይ ማዶ ወርቅና ቡና እየመጣ በሚራገፍበት በደቡብ ጎጃሙ የባሶ ገበያ ብርና አሞሌ ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር። አሞሌው ከአፋር ምድር ተቆርጦ በግመልና በበቅሎ ስለሚመጣ መንገዱ በረዘመ ቁጥር ይወደዳል፤ ስለዚህ በአንድ ብር የሚገኘው የአሞሌ ቁጥር ከገበያ ገበያ ይለያያል። የሚላስ ገንዘብ ነበረን ማለት ነው። ዝናብ ላይ ግን አይበረታም።

አሁን ወደ ጎጃም ታሪክ ልግባ። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ ወታደር ብቻ ሳይሆን ማርትሬዛም አስፈለገው፤ ሊራ ይዞ ከገበሬ እህል መግዛት እንደማይችል ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ1935 ኦስትሪያን ተጭኖ የቅርጹን መብት ወሰደና ሮም ላይ መቅረጽ ጀመረ። ዓመቱ? 1780። እንግሊዞች ይህን ሲያዩ ለንደን ላይ፣ ኋላም ቦምቤይ ላይ የራሳቸውን ቀረጹ። ዓመቱ? ያው ነው። በነሐሴ 1932 ዓ.ም. ሚሽን 101 የተባለው የእንግሊዝ ጓድ ከሱዳን ወደ ጎጃም ሲገባ፣ በጥር 1933 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በድንበሯ በኦሜድላ በኩል ተሻግረው በእንግሊዛዊው መኮንን በዊንጌት የሚመራው የጌዲዮን ጦር በግመል ሲከተል፣ ከጥይቱ ጋር የተጫነው ማርትሬዛ ነበር። መጋቢት ላይ ደብረ ማርቆስ ሲደረስ የጎጃም ገበሬ በአንድ ከረጢት ውስጥ የወራሪውንም የአርበኛ ወዳጁንም ብር ይዟል፤ ሁለቱም የአንዲት ሴት ፊት፣ ሁለቱም 1780። ከ160 ዓመት በፊት የሞተች የቪየና መበለት በሁለቱም ወገን ተሰልፋ ተዋግታለች።

ይህን ካወቅሁ ወዲህ ጠገራ ብርን እንደ ቀድሞው ማየት አልቻልሁም። በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ ማርትሬዛ ከሕጋዊ ገበያ ወጣች፤ ብዙዋ አንጥረኛ ቤት ገባች። መስቀል፣ ጉትቻ፣ ድሪ፣ አልቦ ሆነች። አንገት ላይ የምናየው የብር መስቀል ትናንት የበሬ ዋጋ የነበረ ይሆናል።

ሰው ግን መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ያወጣል?" ነው። አልፈርድም፤ ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ ይባላል። አጭሩ መልስ፣ የተለመደው 1780 ከውስጡ ካለው ብር ዋጋ ብዙም አይዘልም። እሷ በሕይወት ሳለች፣ ከ1741 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ እውነተኛ ቀኑን ይዞ የተቀረጸው ግን ሌላ ነው። ዕድሜ ብቻውን ዋጋ አይሆንም፤ 1,600 ዓመት ያለፋቸው የሮማ የመዳብ ሳንቲሞች ከአንድ ምሳ ባነሰ ዋጋ ይሸጣሉ፣ በገንቦ ሙሉ ስለተገኙ። በሌላ በኩል አሜሪካ በ1933 እ.ኤ.አ. የቀረጸችው የ20 ዶላር ወርቅ 445,500 ነበር፤ መንግሥት ሁሉንም ማለት ይቻላል መልሶ አቀለጠው። ካመለጡት አንዱ በ2021 እ.ኤ.አ. በ18.9 ሚሊዮን ዶላር ተሽጧል። ብርቅ የሚያደርገው የቀረው ቁጥርና የሚፈልገው ሰው ብዛት ነው።

የእኛው ስሙኒ ጥሩ ምሳሌ ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የመጀመሪያዋ የመዳብ 25 ሳንቲም ክብ ነበረች። ብልጣ ብልጦች ብር እየቀቡ 50 ሳንቲም ነው ብለው አሻሻጧት። መንግሥት ሰብስቦ ጠርዟን እንደ አበባ ቅጠል አስቆረጠው። ሳትቆረጥ ያመለጠችው ክቧ ስሙኒ ዛሬ ሰብሳቢ የሚፈልጋት ናት። አጭበርባሪ ሳያውቅ ብርቅ ነገር ፈጠረ።

የአክሱም ገንዘብ የራሱ ዓለም ነው። ከሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ ወርቅ፣ ብርና መዳብ ተቀርጿል፤ የንጉሡ ምስል በሁለት የእህል ዘለላ መካከል ይታያል። በመጀመሪያ ከላይ ጨረቃና ክብ ነበር፤ ዒዛና ክርስትናን ሲቀበል መስቀል ተተካ። መስቀልን በገንዘብ ላይ ካኖሩት የዓለም ነገሥታት ከመጀመሪያዎቹ አንዱ እሱ ነው። በመዳብ ሳንቲም ላይ ምስሉን ብቻ ለይቶ ወርቅ መለበጥ ደግሞ የአክሱም አንጥረኞች ልዩ ጥበብ ነበር። ነገር ግን ተጠንቀቁ፤ ከመሬት የወጣ ጥንታዊ ገንዘብ ቅርስ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያገኘ ሰው ማሳወቅ አለበት፣ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። ምንጩ ያልታወቀ ገንዘብ በውጭም ጣጣ ያመጣል። ጁልየስ ቄሳርን የገደለው ብሩተስ ሁለት ጩቤ አስቀርጾ ያወጣው አንድ የወርቅ ገንዘብ በ2020 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሽጦ ነበር። የባለቤትነት ታሪኩ የሐሰት ሆኖ ሲገኝ በ2023 እ.ኤ.አ. ወደ ግሪክ ተመለሰ።

ወደ አመዱ ልመለስ። ብር ከአየር ጋር ሲኖር በጊዜ ብዛት ጠይም ቀለም ያወጣል። ለእኛ ቆሻሻ ነው፤ ለሰብሳቢ ሳይነካ መኖሩን የሚመሰክር ቆዳ ነው። የገንዘብ ጥራት ከ1 እስከ 70 በሚደርስ መለኪያ ይመዘናል፤ የተፈተገ ግን ከመለኪያው ይወጣና "የታጠበ" ይባላል። አመድ ቀለሙን ብቻ አይወስድም፣ ፊቱን በጥቃቅን ጭረት ይሞላዋል፣ ስስ መስመሮችንም ያጠፋል። ጠገራ ብር ካገኛችሁ በጠርዙ ያዙት፣ አትጠቡት፣ አትብሱት። ሐሰተኛ መሆኑን ከጠረጠራችሁ ማግኔት አስጠጉለት፤ ብርም መዳብም አይሳብም። ከዚያ አንጥረኛ ቤት አስመዝኑት፤ ከ28 ግራም ብዙ ከራቀ ጠርዙን ደግማችሁ ዳስሱ።

ወዳጄ ከሄደ በኋላ አያቴን ጠየቅኋቸው፤ እነዚህ ብሮች ከየት መጡ?

"አንዱ አባቴ በሬ ሸጠው ያመጡት ነው" አሉ። "አንዱ የጥሎሽ ነው፣ የኔው። ይኸኛው ደግሞ የጣሊያን ጊዜ።"

"ከጣሊያን ነው ከአርበኛ?"

"እኔ እንጃ ልጄ። ሕፃን ነበርሁ። እናቴ ምድጃ ሥር ቀብረውት ነው የተረፈው።"

ሦስት ወረቀት ቆርጬ ያሉኝን በየአንዳንዱ ላይ ጻፍሁና ከየብሩ ጋር በጥጥ ጠቀለልሁ። ሦስተኛውን ግን በወዳጄ መነጽር ለረጅም ጊዜ አየሁት። ሮም ይሁን ቦምቤይ የሚነግረኝ የንስሩ ጭራ ነበር። ላባዎቹ መሆን በነበረባቸው ቦታ ላይ ግን ልሙጥ ያለና የሚያብረቀርቅ ነገር ብቻ አለ፤ የእኔ አመድና ሎሚ።