እምቦጭ በጣና ሐይቅ

እምቦጭ ውሃ ላይ ተንሳፎ የሚያድግ አረም ነው። የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ የአማዞን ተፋሰስ ነው። አበባው ሐምራዊ ነው፤ ያምራል። ከአገሩ ያስወጣውም ይኸው ማማሩ ነው፤ ሰዎች የኩሬ ጌጥ እያሉ በየአህጉሩ አዳረሱት።

ቅጠሉ ክብና ወፍራም ነው። አገዳው ውስጡ አየር ስለያዘ አይሰጥምም። ሥሩ እንደ ጥቁር ጢም ውሃው ውስጥ ይንጠለጠላል። ከክብደቱ 90 በመቶ በላይ ውሃ ነው፤ አንድ እቅፍ ያወጣ ሰው ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል። ከተመቸው በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ከእናቱ ጎን ቅጥያ እያወጣ ይራባል፣ በዘርም ይራባል። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ተቀብሮ 15 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ዘንድሮ ተነቅሎ ያለቀ የሚመስል ቦታ በዓመቱ ተመልሶ አረንጓዴ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ወደ ኢትዮጵያ የገባው በጣና በኩል አይደለም። በ1957 ዓ.ም. ገደማ በቆቃ ግድብና በአዋሽ ወንዝ ታየ። በኋላም በጋምቤላ፣ በባሮና በአካባቢው ወንዞች ተገኘ።

ጣና ላይ መታየቱ በይፋ የተነገረው በ2003 መጨረሻና በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው። ቦታው ደምቢያ፣ መገጭ ወንዝ ከሐይቁ የሚገናኝበት አካባቢ ነበር። እንዴት እንደገባ የሚባለው ብዙ ነው። በጀልባና በመረብ ተጣብቆ መጣ የሚሉ አሉ፤ ለጌጥ ከተተከለበት አምልጦ ነው የሚሉም አሉ። ለምን እንደተመቸው ግን ብዙም አያከራክርም። መገጭ፣ ርብና ጉማራ ከእርሻው አፈርና ማዳበሪያ ጠርገው ያመጣሉ። የከተሞቹ ፍሳሽ ይጨመርበታል። ድሮ ይህን ሁሉ ያጣራ የነበረው የደንገልና የረግረግ ቀበቶ ደግሞ ታርሷል። ሐይቁ በበጋ ሲሸሽ ገበሬው ተከትሎት ይዘራል። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ የተሠራው የውሃ መቆጣጠሪያና የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ የሐይቁን ከፍታ ስለቀየሩ ለዚህ በር ከፍተዋል የሚል አስተያየትም አለ፤ ድርሻቸው ምን ያህል ነው በሚለው ላይ ግን ስምምነት የለም።

ጣና የአገሪቱ ትልቁ ሐይቅ ነው። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው። ዳር ዳሩ ጠፍጣፋና ጭቃማ በመሆኑ ለአረሙ እንደ ማሳ ሆኖለታል። ነፋሱም ያግዘዋል፤ ውሃው ላይ እንደ ምንጣፍ የተነጠፈውን አረም እየገፋ ወደ ሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻ ይሰበስበዋል። ደምቢያ፣ ጎንደር ዙሪያ፣ ሊቦ ከምከምና ፎገራ ሲጨነቁ ባሕር ዳር ከተማ ዳር የቆመ ጎብኚ «የታለ እምቦጩ?» ብሎ የሚጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ ስፋቱ የሚሰጡት ቁጥሮች አይገጣጠሙም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት 20,000 ሄክታር ገደማ ሲባል ነበር። በ2013 ዓ.ም. በተካሄደው የነቀላ ዘመቻ የተነገረው 4,300 ሄክታር ነው። ይህን አይቶ «ቀነሰ» ማለት ስህተት ይመስለኛል። አንዱ የተጠቃውን ዳርቻ በሙሉ ይቆጥራል፣ ሌላው አረሙ በትክክል ያረፈበትን። ወቅቱም ለውጥ አለው፤ ክረምቱ ሲወጣ ይንሰራፋል፣ ውሃው ሲሸሽ ዳር ቀርቶ ይደርቃል።

ጉዳቱን ቀድሞ ያየው ዓሣ አስጋሪው ነው። መረብ አይዘረጋም፣ ታንኳ አያልፍም። ከምንጣፉ ሥር ብርሃን የለም፣ ኦክስጅንም ያንሳል፤ ዓሣው ይሸሻል ወይ ይሞታል። ጣና ውስጥ ደግሞ ሌላ የትም የሌሉ 15 ያህል የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። አንዳንዶቹ ለመራባት ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ፤ አረሙ የሚከማቸውም በዚያው በወንዞቹ አፍ ነው። የሩዝ ማሳ ይወረራል፣ የግጦሽ መሬት ይጠፋል። ከብቶች አረሙን ይበሉታል፤ ገበሬዎች ግን የከብቱን ሆድ ይነፋል እንጂ ከብቱን አያወፍረውም ይላሉ። በቅጠሉ በኩል የሚተንነው ውሃ ከክፍት ውሃ እንደሚበልጥ ይታመናል፤ በስንት እጥፍ ለሚለው መልሱ እንደ ጥናቱ ይለያያል።

የነቀላውን ሥራ ከሁሉም በላይ የተሸከመው የአካባቢው ገበሬ ነው። ይህ ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይታለፋል። እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ አልቅቱንና የቆዳ ማሳከኩን ችሎ፣ በእጁና በገመድ እየጎተተ ዓመት ከዓመት አውጥቷል። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ከ200 በላይ የኦሮሚያ ወጣቶች «ጣና ኬኛ» (ጣና የእኛ ነው) ብለው ባሕር ዳር መጡና አብረው ነቀሉ። ያወጡት አረም ከሐይቁ አንጻር ትንሽ ነው። የዚያን ሰሞን አቀባበል ያየ ሰው ግን በሄክታር አይለካውም። ቀኑ በጣና ታሪክ ውስጥ የራሱ ቦታ አለው።

ከዚያ በኋላ ማሽን መጣ። በተለይ በአሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን የተሰባሰቡበት ጥምረት ገንዘብ አዋጥቶ ካናዳ የተሠራ ማጨጃ ላከ። አገር ውስጥም ማሽን መሥራት ተሞክሯል። ማሽኖቹ ጥልቅ ውሃ ላይ ይሠራሉ፤ አረሙ የሚበዛው ግን ጀልባ በማይገባበት ጭቃማ ዳርቻ ነው። መለዋወጫ፣ ነዳጅና ባለሙያም አንዱ ሲሟላ ሌላው ይጎድላል። የወጣውን የት መጣል የሚለውም ጥያቄ አልተመለሰም፤ ዳር የተከመረው በክረምት ውሃው ሲሞላ ተመልሶ ይገባል። የአማራ ክልል ለዚሁ የተለየ ኤጀንሲ አቋቁሟል። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. በ9 ወረዳዎችና በ30 ቀበሌዎች የአንድ ወር ዘመቻ ተጀመረ፤ ዘመቻው ሳያልቅ የሰሜኑ ጦርነት ተነሳ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭትም ሥራውን ጎድቶታል።

ሦስተኛው መንገድ ጢንዚዛ ነው። እምቦጭን ብቻ የሚበሉ ሁለት ዝርያዎች በብዙ አገሮች ተለቀዋል። ወደ ኢትዮጵያም ከኡጋንዳ መጥተው ተጠንተዋል፤ በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም የማራባት ሥራ ተሠርቷል። «ሩዛችንን ቢበላስ?» የሚል ስጋት አለ፤ ጢንዚዛው ግን ሩዝ ላይ አይኖርም። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምሳሌ ቪክቶሪያ ሐይቅ ነው። እዚያ አረሙ እ.ኤ.አ. በ1998 ከፍተኛ ደረጃ ደርሶ ከዚያ በፍጥነት ወረደ። ጢንዚዛው ነው የሚሉት ይበዛሉ፣ የዚያን ጊዜው ኤልኒኖ (የአየር ጠባይን የሚያዛባው የውቅያኖስ ሙቀት) ነው የሚሉም አሉ። ጢንዚዛ በዓመታት እንጂ በሳምንታት ውጤት አያሳይም፤ ዘመቻ ለለመደ አሠራር ይህ አይመቸውም።

ሌሎች ሐይቆችም አልተረፉም። ዝዋይና አባያ ተጠቅተዋል። አዲስ አበባ ሥር ያለው አባ ሳሙኤል ከአቃቂ ወንዝ የከተማውን ፍሳሽ እየተቀበለ ለዓመታት በእምቦጭ ተሸፍኖ ኖሯል። ከሩቅ ያየው ሰው መስክ ነው ብሎ ይሳሳታል።